የባቡሩን ዋጋ የከፈለ ማን ነው?

በወጣቶቻችን ዘንድ እየተዘወተረ የመጣ አንድ አነጋገር አለ። «እኛም እንደ ሌሎቹ ቅኝ ተገዝተን ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ አገራችን በባቡር ሐዲድና በፋብሪካ ተሞልታ ነበር፤ እንግሊዞች ሕንድን እንዴት አድርገው እንዳለሟት አታዩምን? በመጨረሻስ ነጻነቷን በሰላም አስረክበዋት ሄዱ አይደለምን?» ይላሉ። ይህን የሚናገሩት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ብዙዎቹ ትምህርት የቀመሱና የአገራቸው ወደ ኋላ መቅረት የሚያንገበግባቸው ናቸው። ነገር ግን ቅን ሰው የተናገረው ስሕተት ክፉ ሰው ከተናገረው ይልቅ ቶሎ ይታመናልና፥ ነገሩን ሰምቶ ማለፍ አይገባም። ሕንድን ምስክር አድርገው ከጠሩ፥ እንግዲያውስ ምስክሯ ራሷ ቀርባ ትጠየቅ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

እንግሊዞች በመጀመሪያ ወደ ሕንድ የመጡት ሊነግዱ ነው። በ1600 ዓ.ም. በመጨረሻው ቀን ንግሥት ኤልሣቤጥ ለለንደን ነጋዴዎች ማኅበር የንግድ ፈቃድ ሰጠች፤ ማኅበሩም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተባለ። ነጋዴዎቹ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በነገሥታቱ ደጅ እየጠኑና እጅ እየነሡ ጨርቅና ቅመም ሲገዙ ኖሩ። በ1757 ዓ.ም. ግን የኩባንያው የጦር አለቃ ሮበርት ክላይቭ የቤንጋልን ገዥ ሲራጅ ኡድ ዳውላን በፕላሲ ሜዳ ድል ነሣው። ድል ነሣው ይባላል እንጂ ነገሩ ያለቀው ከውጊያው በፊት ነበር፤ የገዥው የጦር አዛዥ ሚር ጃፋር በሥልጣን ተደልሎ፥ ሠራዊቱን እንደያዘ ቆሞ ተመለከተ። ከ8 ዓመት በኋላ በ1765 ዓ.ም. ኩባንያው የቤንጋልን፥ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ከሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ተቀበለ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ነገር ረጋ ብለህ አስበው። ከዚያ በፊት ኩባንያው የቤንጋልን ሸማኔ ጨርቅ ለመግዛት ከአውሮፓ ብር ጭኖ ያመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከቤንጋል ገበሬ በሰበሰበው ግብር የቤንጋልን ጨርቅ እየገዛ ወደ ለንደን መላክ ጀመረ። ሌባ ከጎተራህ እህል ሰርቆ ሸጦ፥ በዚያው ገንዘብ በሬህን ገዝቶህ፥ «ዋጋውን ከፍዬሃለሁ፤ ምን ቀረህ?» ቢልህ ምን ትለዋለህ? የቅኝ ግዛት ንግድ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው።

በ1769 ዝናም ቀረና በ1770 በቤንጋል ታላቅ ራብ ሆነ። ከሕዝቡ ሢሶው ያህል እንዳለቀ የኩባንያው ሹም ዋረን ሄስቲንግስ ራሱ ገምቷል። ይኸው ሹም በ1772 ወደ ለንደን በላከው ጽሑፍ በ1771 የገባው የተጣራ ግብር ራብ ከመድረሱ በፊት በ1768 ከገባው እንደሚበልጥ አስታውቋል። ሢሶው ሕዝብ ሞቶ ግብሩ ጨመረ! የሞቱት ሰዎች ግብር በሕይወት በቀሩት ጎረቤቶቻቸው ላይ ይጫን ነበርና።

የዳካ ሸማኔ የሚሠራው ስስ ጨርቅ በዓለም ገበያ የታወቀ ነበር። እንግሊዞች በአገራቸው የጥጥ ፋብሪካ ባቋቋሙ ጊዜ ግን ከሕንድ በሚመጣው ጨርቅ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣሉበት፤ ወደ ሕንድ ለሚገባው ለራሳቸው ጨርቅ በሩን ከፈቱለት። ጥጥ የሚያበቅል፥ የሚፈትልና የሚሸምን ሕዝብ የላንክሻየርን ጨርቅ ገዝቶ የሚለብስ ሆነ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። «ያ የድሮ ነገር ነው፤ ኋላ ተሻሽሏል» የሚል ቢኖር በ1896 የሆነውን ልንገረው። መንግሥት ገንዘብ ስለ ቸገረው ከውጭ በሚገባው ጨርቅ ላይ ከመቶ 3.5 ቀረጥ አደረገ። የላንክሻየር ባለፋብሪካዎች ስለ ጮሁ፥ እነርሱን ደስ ለማሰኘት ሲባል በሕንድ ፋብሪካዎች በሚሠራው ጨርቅም ላይ ልክ ያንኑ ከመቶ 3.5 ጫነበት። አንድ መንግሥት የሩቁን ባለፋብሪካ ከገዛ አገሩ ፋብሪካ ሲጠብቅ የሚታየው በቅኝ ግዛት ብቻ ነው። ይህም ግብር እስከ 1925 መጨረሻ ድረስ ቆየ።

እንግዲህ ወደ ባቡሩ እንምጣ፤ የክርክሩ ሁሉ አዝማች እርሱ ነውና።

የሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር በኤፕሪል 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ከቦምቤይ ተነሥቶ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ታኔ ገባ። ሐዲዱን የዘረጉት የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ገንዘቡንም ያዋጡት አብዛኞቹ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ባለጠጎች ናቸው። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የከፈሉት እነርሱ አይደሉምን?» የሚሉ አሉ፤ ውሉን ግን አልተመለከቱም። መንግሥት ለባለገንዘቦቹ፥ ባቡሩ ቢያተርፍም ቢከስርም በየዓመቱ ከመቶ 5 ወለድ እንደሚያገኙ ዋስ ሆነላቸው። ባቡሩ ይህን ያህል ባላስገባ ጊዜ ጉድለቱ የሚሞላው ከሕንድ ግምጃ ቤት፥ ማለት ከገበሬው ግብር ነበር። ትርፉ ለለንደን፥ ኪሳራው ለሕንድ! ትርፉ አስቀድሞ የተረጋገጠለት ሰው ደግሞ ስለ ቁጠባ ምን ያስጨንቀዋል? ስለዚህ ሥራው በብዙ ወጪ ተሠራ። ሐዲዱም ሞተሩም አብዛኛውን የሚመጣው ከእንግሊዝ ፋብሪካ ነበር፤ ከፍ ከፍ ያለውንም የባቡር ሥራ ለብዙ ዘመን የያዙት አውሮፓውያን ነበሩ። ሕንዳዊው ድንጋይ ፈለጠ፥ አፈር ተሸከመ፥ በሦስተኛ ማዕርግ ተጨናንቆ ተሳፈረ፥ ሒሳቡንም ከፈለ።

ባቡር በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው በእግሩ ብዙ ያልሄደ ነው። ሐዲድ እህልን ወደ ራብተኛ ሊወስድ ይችላል፥ ከራብተኛም ሊወስድ ይችላል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የባቡሩ ባለቤት ነው። ከ1876 እስከ 1878 በደቡብና በምዕራብ ሕንድ ጽኑ ራብ በሆነ ጊዜ ሐዲዱ ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን ከሕንድ ወደቦች ስንዴ ወደ እንግሊዝ አገር መጫኑ አልቆመም። በዚያው ራብ መካከል በጃንዋሪ 1 ቀን 1877 እንደራሴው ሎርድ ሊተን ንግሥት ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት መባሏን ለማወጅ በዴልሂ ታላቅ ድግስ ደገሰ። በራቡ ያለቀው ሕዝብ ከ5 ሚሊዮን እንደማያንስ ይገመታል።

ደግሞስ ባቡር ለማግኘት መገዛት ግድ ነው ያለ ማን ነው? ጃፓን ለማንም ሳትገዛ በ1872 የመጀመሪያውን ባቡሯን አስነዳች። የእኛም ምድር ባቡር ፈቃዱ በ1894 ከዳግማዊ ምኒልክ ተሰጥቶ፥ በፈረንሳይ ኩባንያ ተሠርቶ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አገሪቱ ነጻ ነበረች። (በዚያ ውል ምክንያት የደረሰው ንትርክ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።)

የሕንድ ገበሬ የከፈለው ገንዘብ እስከ እኛ አገር ድረስ መጥቶ እንደ ነበር የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ጀኔራል ናፒየር በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ የዘመተው ከቦምቤይ ተነሥቶ ነው፤ ዝሆኖቹና ከወታደሮቹም የሚበዙት የመጡት ከሕንድ ነበር። ወጪው በሚከፈልበት ጊዜ እንግሊዝ የዘመቻውን ተጨማሪ ወጪ ወሰደች፤ የወታደሮቹ መደበኛ ደመወዝ ግን በሕንድ ግምጃ ቤት ላይ እንዲቀር ተወሰነ። ጦሩ ከመነሣቱ በፊት በ1866 በኦሪሳ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በራብ አልቆ ነበር። የኦሪሳ ገበሬ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ምን ጠብ ነበረው? ስማቸውንስ ሰምቶ ያውቃልን?

በ1941 ደግሞ የ4ኛውና የ5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ወታደሮች በከረን ተራራ ላይ ከፋሺስት ጦር ጋር ተዋግተው ብዙዎቹ ወድቀዋል። ያ ውጊያ ለአገራችን ነጻ መውጣት ትልቅ ድርሻ አለውና ደማቸውን በአክብሮት ማስታወስ ይገባናል። ነገር ግን በ1939 እንደራሴው ሎርድ ሊንሊትጎ ሕንድ ጦርነት ውስጥ ገብታለች ብሎ ሲያውጅ የሕዝቡን መሪዎች አላማከረም። ለእኛ ነጻነት የሞተው ወታደር በገዛ አገሩ ነጻ አልነበረም።

ይህን የገንዘብ ነገር አስቀድሞ ቆጥሮ ካወጡት አንዱ ዳዳብሃይ ናኦሮጂ የሚባል ሕንዳዊ ነው። ሰውየው በ1892 በለንደን ለእንግሊዝ ፓርላማ ተመርጦ ገብቷል፤ በ1901 ባሳተመውም መጽሐፍ የሕንድ ሀብት በየዓመቱ ያለ ምላሽ ወደ እንግሊዝ እንዴት እንደሚፈስ የገዢዎቹን የራሳቸውን መዝገብ እየጠቀሰ አስረዳ። ትምህርት ቤት ከፈቱ ለሚሉትም አንድ ቁጥር ይበቃል፤ እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ በ1951 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው ከመቶ ሰው 18 ያህል ብቻ ነበር።

አሁን «ነጻነቷን በሰላም አስረከቧት» ወደሚለው ልለፍ።

በ1931 ቆጠራ የሕንድ ሕዝብ ከ350 ሚሊዮን በላይ ነበር። የአስተዳደሩ አከርካሪ የነበሩት የሲቪል ሰርቪስ ሹማምንት ግን ከ1,000 እምብዛም አይበልጡም። እነዚህ ጥቂቶች ያን ባሕር የሚያህል ሕዝብ በምን ኃይል ገዙት? ግብሩን የሚሰበስበው ሕንዳዊ፥ መዝገቡን የሚጽፈው ሕንዳዊ፥ ዱላ የሚያነሣው ፖሊስ ሕንዳዊ፥ ከሠራዊቱም የሚበዛው ሕንዳዊ ነበር። ምሳር ዛፍን የሚጥለው እጀታው እንጨት ስለሆነ ነው። ጋንዲ በ1909 በጻፈው ሂንድ ስዋራጅ በተባለው መጽሐፍ ለወገኖቹ የነገራቸው መራራ ነገር ይህ ነው፤ የእንግሊዝ ግዛት የቆመው በሕንዳውያን በራሳቸው እጅ መሆኑን ገለጠላቸው። ይህ እውነት ከሆነ ዘንድ የሕዝቡ መሣሪያ እዚያው እጁ ላይ ነበር፤ እጁን ቢሰበስብ ገዢው ብቻውን ይቀራል።

ሐሳቡ በሕንድ ምድር በሥራ የተፈተነው በመጀመሪያ ቻምፓራን በተባለ የቢሃር አውራጃ ነው። ስለ ጨው ዘመቻ የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸውና ትንሽ ልቆይበት። የቻምፓራን ጭሰኛ ከሚያርሰው መሬት ከ20 እጅ በ3ቱ እጅ ላይ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበትን ኢንዲጎ የተባለ ተክል ለእንግሊዛውያን ባለእርሻዎች እንዲያበቅል ይገደድ ነበር። ጀርመኖች ቀለሙን በኬሚካል መሥራት በጀመሩ ጊዜ የተክሉ ዋጋ ወደቀ፤ ባለእርሻዎቹም ጭሰኛውን ከግዴታው ለመልቀቅ ካሣ ጠየቁት። እዚህም ኪሳራው ወደ ገበሬው ዞረ፤ እንደ ባቡሩ ማለት ነው። ራጅኩማር ሹክላ የሚባል አንድ ገበሬ በ1916 ወደ ላክናው ሄዶ ጋንዲን አገኘውና መጥቶ እንዲያይላቸው ለመነው፤ እሺ ብሎ እስኪመጣለትም ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ እየተከተለ አልለቀው አለ። ታላላቅ ታሪክ ጸሐፊዎች የሹክላን ስም በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ግትርነት ነገሩ ሁሉ መቼ ይጀመር እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

ጋንዲ በኤፕሪል 1917 ቻምፓራን ሲደርስ አውራጃውን በቶሎ ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። አልወጣም። በሞቲሃሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ ትእዛዙን መጣሱን ሳይክድ፥ የሚፈረድበትን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ተናገረ። ዳኛው ተቸገረ፤ «አልሠራሁም» እያለ የሚከራከር ተከሳሽ ለምዶ ነበርና፥ «አዎን፥ አድርጌአለሁ፤ ቅጡኝ» በሚል ሰው ላይ ምን ይፍረድ? ከደጅ ደግሞ ገበሬዎች በሺህ ተሰብስበው ነበር። የባለእርሻውን ሎሌ ሲያዩ ይሸበሩ የነበሩ ሰዎች ያን ቀን ፖሊስ እያየ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆሙ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከበላይ ትእዛዝ መጣና ክሱ ተነሣ። ከዚያም ጋንዲና ረዳቶቹ የብዙ ሺህ ጭሰኞችን ቃል በጽሑፍ ተቀበሉ፤ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ አቆመ፤ በ1918 በወጣ ሕግም ያ ግዴታ ተሻረ።

ከረዳቶቹ መካከል የታወቁ ጠበቆች ነበሩበት፤ አንደኛው ራጀንድራ ፕራሳድ ኋላ የሕንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ነው። እነዚህ ጠበቆች ወደ ቻምፓራን ሲመጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አገልጋይና ምግብ አብሳይ ይዘው ነበር፤ የአንዱ ወገን ከሌላው ወገን ማዕድ መቁረስ በልማዳቸው ነውር ነበርና። ጋንዲ ግን አገልጋዮቹ ተሰናብተው ሁሉም ከአንድ ማድቤት እንዲበሉ አደረገ። ለእኔ ከፍርድ ቤቱ ድል ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

በዚህ ረገድ ከጋንዲም ይልቅ የጠነከረ ሌላ ሰው ነበር፤ ከሰው ተርታ ወጥተው «አይነኬ» ከሚባሉት ወገኖች የተወለደው ዶክተር አምበድካር ነው። በ1927 በማሃድ ከተማ ወገኖቹን አስከትሎ ሄዶ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ እነርሱ እንዳይጠጡ ልማዱ ይከለክላቸው ነበር። ጠጥተው ሲመለሱ የደበደቧቸው የገዛ አገራቸው ሰዎች ናቸው። የቅኝ ግዛት ወዳጆች ይህን እየጠቀሱ «እንዲህ ያለ ሕዝብ ራሱን ሊገዛ ይገባዋልን?» ይላሉ። ነገር ግን እንግሊዞች ያን ሁሉ ዘመን ሲገዙ «አይነኬ» ማለትን በሕግ አልሻሩትም፤ የሻረው አምበድካር ራሱ በመራው ጉባኤ የተረቀቀው የነጻይቱ ሕንድ ሕገ መንግሥት ነው፤ እርሱም በጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ጸና። ሕጉ ልማዱን ከሥሩ አልነቀለውም፤ ዛሬም በብዙ መንደር የሚሠቃዩበት አሉ። ይሁን እንጂ ዛሬ የተበደለው ሰው በእጁ የሚይዘው ሕግ አለው።

የሰላማዊ ትግል ነገር ሲነሣ «ይህስ የፈሪ መንገድ ነው» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ገዢ ፊት ይቆም እንደ ነበር አያውቁም። በኤፕሪል 13 ቀን 1919 በአምሪትሳር ከተማ ጃሊያንዋላ ባግ በተባለው በግንብ በታጠረ ሜዳ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፥ ጀኔራል ዳየር ያለ ማስጠንቀቂያ 1,650 ጥይት አስተኮሰበት። መንግሥት ያመነው የሙታን ቁጥር 379 ነው፤ የሕንድ ኮንግሬስ መርማሪዎች 1,000 ገደማ ብለዋል። ተኩሱን የተኮሱት በደመወዝ የሚያገለግሉ የጉርካና የሕንድ ወታደሮች ነበሩ፤ የምሳሩን እጀታ አትርሳ። ዳየር በአጣሪዎቹ ፊት ሲቀርብ መትረየስ የጫኑት መኪናዎች በጠባቡ መግቢያ ቢያልፉለት ኖሮ በእነርሱም ይተኩስ እንደ ነበር አልሸሸገም። ከሥራው ተነሣ፤ በእንግሊዝ አገር ግን አንድ ጋዜጣ መዋጮ ከፍቶለት 26,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበለት። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር እንግሊዞች የሰጡትን የማዕርግ ስም የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በ1930 ወደ ባሕር ዳርቻ የሄዱት ሰዎች ጥይት ሊጠብቃቸው እንደሚችል እያወቁ ሄዱ። ጨው ያለ መንግሥት ፈቃድ መሥራት ክልክል ነበር፤ ድኃውም ባለጠጋውም ለሚበላው ጨው ቀረጥ ይከፍላል። የአሞሌን ክብር ከአባቶቹ የሰማ የእኛ አገር ሰው የጨውን ነገር አይንቅም፤ የሕንድ እንደራሴ ግን መጀመሪያ ንቆት ነበር። ጋንዲ በ60 ዓመቱ ከ78 ተከታዮቹ ጋር በማርች 12 ቀን ከሳባርማቲ ተነሥቶ፥ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ፥ በኤፕሪል 6 ቀን በዳንዲ ከባሕሩ ዳር ጨው አነሣ። ከዚያ በኋላ በመላው ሕንድ ሕዝቡ ጨው እየሠራ ሕጉን ጣሰ፤ የታሰረውም ከ60,000 በላይ ሆነ። በሜይ 21 ቀን ዳራሳና በተባለው የጨው ማምረቻ የሆነውን አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር በዓይኑ አይቶ ለዓለም ጽፎታል። ፈቃደኞቹ ተሰልፈው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ፖሊሶች ጫፉ ብረት በሆነ ዱላ ራሳቸውን ይመቷቸዋል፤ የፊተኞቹ ሲወድቁ የኋለኞቹ ይተካሉ፤ ዱላውን ለመመከት እንኳ እጁን ያነሣ የለም። ይህን ፍርሀት የሚለው ሰው ፍርሀትን ያውቃል ብዬ አላምንም።

ነጻነት በጨው ብቻ መጣ የሚል ካለ ግን እርሱም ያጋንናል። በኦገስት 1942 ኮንግሬስ እንግሊዞች አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ በጠየቀ ጊዜ መሪዎቹ ሁሉ ታሰሩ፤ ሕዝቡም ሐዲድ ነቀለ፥ የስልክ ሽቦ ቆረጠ። በ1943 በቤንጋል ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በራብ አለቀ፤ የኩባንያው ዘመን በራብ እንደ ተጀመረ የዘውዱም ዘመን በራብ አለቀ። እንግሊዝ በጦርነቱ ደክማ፥ ይልቁንም ለሕንድ ከ1,000 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ ያለባት ሆና ወጣች። በፌብሩዋሪ 1946 ደግሞ በቦምቤይ ታልዋር በተባለው የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ያሉ መርከበኞች ስለ መጥፎ ምግብና ስለ ስድብ አመፁ፤ አመፁም ወደ ሌሎቹ መርከቦችና ወደቦች ተዛመተ። እጀታው ከምሳሩ ሲወልቅ ያን ጊዜ ታየ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ በፌብሩዋሪ 1947 እንለቃለን ብሎ ያወጀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሊይዘው ያልቻለውን ነገር ከእጁ የጣለ ሰው ሰጠ ይባላልን?

አለቃቀቁም ቢሆን የሚመሰገን አልነበረም። አገሪቱን ሕንድና ፓኪስታን ብሎ የሚከፍለውን ወሰን እንዲያሰምር የታዘዘው ሲሪል ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጦ የማያውቅ ጠበቃ ነበር፤ የተሰጠውም ጊዜ 5 ሳምንት ያህል ነው። ነጻነት በኦገስት 15 ቀን 1947 ታወጀ፤ ወሰኑ ለሕዝብ የተገለጠው ግን በ17ኛው ቀን ነው። ሰው በየትኛው አገር እንዳለ ሳያውቅ በዓል አደረገ። ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው፥ አንዳንዶች እስከ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ያደርሱታል፥ ተገደለ። ሰይፉን ያነሡት ሂንዱው፥ እስላሙና ሲኩ ራሳቸው ናቸውና ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ከ1909 ጀምሮ እስላሙ እንደራሴዎቹን ለብቻው እንዲመርጥ ሕግ አውጥቶ ሕዝቡን በሃይማኖት መቁጠር ያስለመደ ማን ነበር? በነጻነቱ ቀን ጋንዲ በዴልሂ በዓል ላይ አልነበረም፤ በካልካታ ሆኖ እስላምና ሂንዱ እንዳይተላለቁ ይጾምና ይጸልይ ነበር። በጃንዋሪ 30 ቀን 1948 የገደለውም ሂንዱ ነው።

«ሕዝቡ አልበሰለም፤ ራሱን መግዛት አይችልም» የሚለው ክስ ደግሞ የመጨረሻው መጠለያቸው ነው። እንግሊዞች በ1935 ባወጡት ሕግ እንኳ የመምረጥ መብት የነበረው ንብረት ወይም ትምህርት ያለው ጥቂቱ ሰው ነበር። ነጻይቱ ሕንድ ግን ሕዝቡ እስኪማር ድረስ አልጠበቀችም። ከኦክቶበር 1951 እስከ 1952 መጀመሪያ ድረስ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ሁሉ እንዲመርጥ ተደርጎ 173 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። አብዛኛው ማንበብ የማይችል ስለ ነበር ለየፓርቲው የተለየ ሣጥን ተሠርቶ ሥዕል ተለጠፈበት፤ የአንዱ የተጠመዱ በሬዎች፥ የአንዱ ጎጆ፥ የአንዱ ዛፍ፥ የአንዱ መብራት ነበር። በሂማላያ ተራራ ቺኒ በተባለች መንደር የሚኖሩ ሰዎች በረዶው መንገዱን ሳይዘጋባቸው ከሁሉ ቀድመው በኦክቶበር ወጡና ወረቀታቸውን በየመረጡት ሣጥን ከተቱ።